የቀነሱትን ክብደት ስለ መጠበቅ

(በጎንደር ከተማ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ክብደት ቅነሳ አንድ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት ጥሪውን በምስጋና መመለስ ነበር። ክብደት እንዴት እንደሚቀነስ የማይናገር ሰው የለም፤ በየሻይ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ የሚሰማው ምክር ለእኛ ለባለ ሙያዎቹ እንኳ ይተርፋል። በኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፥ ብዙ ያልተባለለት ሁለተኛ ክፍል እንዳለው ታየኝ። ሰው ክብደቱን ከቀነሰ በኋላ ምን ይሁን? የቀነሰውንስ በምን ይጠብቀው? በጎንደር ከተማና በደጋው ወረዳዎች ባሳለፍኋቸው የሥራ ዓመታት እንዳየሁት፥ በሽተኞቻችን መቀነሱን ብዙ ጊዜ ይችሉበታል፤ የሚሰናከሉት በመጠበቁ ላይ ነው። እኔም ከተሰናከሉት አንዱ ስለ ሆንሁ፥ ዛሬ የምናገረውን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳመጣሁት አትቍጠሩብኝ።

አስቀድሜ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ስማቸውንም፥ የታከሙበትንም ቤት አልጠቅስም። ዕድሜያቸው ወደ 60 የተጠጋ፥ የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ ከደጋው መጥተው በከተማው ከልጃቸው ጋራ የተቀመጡ እናት ነበሩ። አንድ ዓመት በሁዳዴ ጾም ወራት፥ የሰጠኋቸውን ምክር ይዘው 8 ኪሎ ቀነሱ። በደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ወረደ፤ ዳገት ሲወጡ ያስቸግራቸው የነበረው ትንፋሽ ተስተካከለ፤ እኔም በካርዳቸው ላይ «እጅግ ጥሩ» ብዬ ጻፍሁና የሦስት ወር ቀጠሮ ሰጥቼ አሰናበትኋቸው። ሐምሌ ሲገባ ተመልሰው ሲመጡ፥ ያ 8 ኪሎ ከነወለዱ 9 ሆኖ ተመልሶ አገኘሁት። በዚያ ቀን ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንም። «እማማ፥ ሆድዎን ማሸነፍ ካልቻሉ እኔ መድኃኒት ብጽፍ ምን ይረባል?» አልኋቸው። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሰሙ። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እውነትህን ነው ልጄ» አሉና ወጡ።

ከዚያ በኋላ 14 ወራት አልተመለሱም። ሲመለሱ በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ላይ ቁስል ይዘው ነበር፤ ጣቱም ተቆረጠ። የት ጠፍተው እንደ ነበር ብጠይቃቸው «ኪሎዬ ሳይወርድ በምን ዓይኔ ልይህ?» ሲሉ መለሱልኝ። እኔ እንግዲህ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው መጻሕፍቱን እንደ ገና የገለጥሁት።

መጻሕፍቱ የሚሉት፥ እኔ በዚያ ቀን ከተናገርሁት ጋራ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፥ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፍጻሜው በተቃረበበት ጊዜ፥ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉ ሊቅ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየሰጡ አጠኗቸው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛውን አጡ። ነገር ግን ከክሳቱ ይልቅ የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የታየው ነው። ምግብ እንደ ልብ በተፈቀደላቸው ጊዜ፥ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ ረኀባቸው አልጠፋ አለ፤ የሰውነታቸው ስብም ቀድሞ ከነበረው በልጦ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ሆዳሞች አልነበሩም፤ ለዚህ ሥራ ተመርጠው የገቡ ጠንካራ ወጣቶች ነበሩ።

ምክንያቱ ቀስ በቀስ ነው የተገለጠው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ተገኘ። ይህ ሆርሞን ከስብ የሚመነጭ ሲሆን፥ በጎተራው ምን ያህል እንደ ተከማቸ ለአንጎል የሚነግር መልእክተኛ ነው። ስቡ ሲቀንስ መልእክቱም ይቀንሳል፤ አንጎልም «ጎተራው ጎደለ» ብሎ ረኀብን ያነሣሣል፥ ወጪንም ይቈጥባል። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፥ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን የቀነሰ ሰው፥ ሰውነቱ በማነሱ ምክንያት ከሚጠበቀው በላይ የኃይል ወጪው ይቀንሳል። በቀላል አነጋገር፥ 80 ኪሎ ሆኖ የኖረና ከ90 ወርዶ 80 የገባ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምግብ ቢበሉ፥ ሁለተኛው ይወፍራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ፥ ለ10 ሳምንታት ጥብቅ የምግብ ቅነሳ ያደረጉ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላም ረኀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ፥ ጥጋብን የሚያሰማው ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደ ተገኘ ያስረዳል። ስለዚህ ያች እናት በግንቦት ወር የታገሉት ከራሳቸው ደም ጋራ ነበር። እኔ ግን ሆድ አምላኪነት ብዬ ተረጐምሁባቸው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ጠባይ ጥቂት ማለት ይገባኛል። በእኛ ዘንድ «ከሳህ» የሚለው ቃል የኀዘኔታ ቃል ነው። ለወራት ያላየነውን ሰው ስናገኝ «ወዛህ፥ አማረብህ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ቀነስ ብሎ ካየነው ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ምነው፥ ደህና አይደለህም እንዴ?» እንላለን። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥሩ ወጣት ባልደረቦች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የ1966 ዓ.ም.ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ ያየ ሕዝብ ክሳትን ቢፈራ ምን ያስደንቃል? የእኛው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ በደምቢያ የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ ነበር፤ ከእርሱ የወጡት አንጋፋዎቻችን የተላኩት ወባን፥ ተስቦንና የሕፃናትን ክሳት እንዲዋጉ ነበር። ስለ ውፍረት የሚያስተምራቸው አልነበረም፥ አያስፈልጋቸውምም ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱም በአንድ ካርድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተዋል። የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚያሳየው፥ በአገራችን ለወሊድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት በ2000 እ.ኤ.አ. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 8 ደረሱ፤ በከተሞች ለብቻው ከመቶ 21 ሆኑ። በዚያው ዓመት ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከልክ በታች ቀጭኖች ነበሩ።

በዚህ ምክንያት ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ ላስቀድም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለወፈረ ሰው ነው። ከደባርቅ፥ ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ በእግሩ ወርዶ የሚመጣ የስኳር በሽተኛ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ ኢንሱሊንም ያስፈልገዋል። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋራ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ከምግብ እጦት ጋራ የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደ ገና ሊከፈት አይገባምን ብለው ጠይቀው ነበር፤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ ለከተማው ነጋዴ የተዘጋጀውን «እንጀራ ቀንስ» የሚል ወረቀት ለዚህ ገበሬ የሚሰጥ ባለ ሙያ ካለ፥ ጕዳቱ ከእኔ ስድብ የከፋ ነው።

አሁን ወደ ጾሙ ልመለስ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት እንጂ ለወገብ የታዘዘ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካህናት አባቶቻችንም ይህን ደጋግመው ያስተምራሉ። ሥጋው ግን ከነፍሱ ጋራ አብሮ ስለሚጾም፥ እኛ በሚዛን ላይ የምናየውን ማየታችን አይቀርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፥ ሥጋና ቅቤ የተወ፥ ጠላውን ያቆመ ሰው በሆሳዕና ሳምንት 3 ወይም 5 ኪሎ ጐድሎ ይገኛል። (ሁሉም እንዲህ አይደለም። በጾም የሚወፍርም አለ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ሦስት እንጀራ፥ ዘይት የበዛበት ሽሮ፥ ከዚያም የጾም ኬክ ከሻይ ጋራ የሚያስከትለውን ማለቴ ነው።) ከዚያም ፋሲካ ይመጣል። ዶሮው፥ ቅርጫው፥ ድፎ ዳቦው፥ ጠላው አለ፤ በሳምንቱ ዳግም ትንሣኤ አለ፤ ለ50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ በጾሙ ምክንያት የተላለፈው ሠርግና ማኅበር ሁሉ በዚሁ ወራት ይደረደራል። ሰውነት በ55 ቀን የተጠማውን የሚያገኝበት የዓመቱ ለም ወቅት ይህ ነው፤ በትክክልም በዚህ ወቅት እኛ በሽተኛውን «እጅግ ጥሩ» ብለን ለሦስት ወር እንሸኘዋለን! በአዲስ ዓለምና በሌሎችም ሰፈሮች ያሉ ሙስሊም በሽተኞቻችንም ከረመዳን በኋላ በዒድና በሸዋል ወር ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ የእነርሱ ወር በየዓመቱ መዞሩ ነው።

እኔም ራሴ በዚህ መንገድ ሄጃለሁ። በደጋው ስሠራ በእግሬ ነበር የምሄደው፤ ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፥ ከአንዱ የጤና ኬላ ወደ ሌላው መውጣትና መውረድ ነው፤ የበሶ ስንቄን ይዤ ስመላለስ ወፍራም ልሁን ብል እንኳ አልችልም ነበር። ወደ ጎንደር ተዛውሬ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 14 ኪሎ ጨመርሁ። ምግቤ ብዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባጃጁ ነው። ከፒያሳ አራዳ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ፥ ከአራዳ ማራኪ ባጃጅ፥ ከማራኪ ቤቴ ባጃጅ። ከዚያም አንድ ዓመት ጨክኜ 11 ኪሎ ቀነስሁ፤ ሱሪዎቼን ሁሉ አስጠበብሁ፤ በዓመቱ ያው ልብስ ሰፊ ዘንድ ለማስፋት ሄድሁ። ልብስ ሰፊው «ጌታዬ፥ ዘንድሮስ ጨርቁን አልቈርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ልተውልዎ» አለኝ። ከሐኪሞች ሁሉ ይልቅ ነገሩን የተረዳው እርሱ ነበር።

ታዲያ የሚጠብቁ ሰዎች አሉን? አሉ። በአሜሪካ ሬና ዊንግና ጀምስ ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ መዝገብ ከፈቱ፤ በዚህ መዝገብ የሚገባው ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሶ ቢያንስ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። እስካሁን ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። የቀነሱበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው፤ የሚጠብቁበት ልማድ ግን ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ቁርሳቸውን አይተዉም፤ ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ፤ በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ሰውነታቸውን ያሠራሉ፥ ይህም በብዛት የእግር ጕዞ ነው፤ በሥራ ቀንና በዕረፍት ቀን የሚበሉትም ያው ነው። ይህ የመጨረሻው ወደ እኛ ሲተረጐም «የጾሙና የፍስኩ ገበታ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ልኩ አይለያይ» ማለት ይሆናል። ቁርሱ ለሚጾም ሰው እንደማይመች ግልጽ ነው፤ በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር ሰዓቱ ሳይሆን፥ ሰው ተርቦ ተርቦ በአንድ ጊዜ ገበታ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

ስለ ገበታችን ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ከውጭ የተተረጐመው የምክር ወረቀት ሁሉ የሚናገረው ስለ ሳሕን ነው፤ እኛ ግን የምንበላው ከመሶብ ነው። ሦስት አራት ሰው ከአንድ ገበታ ሲቈርስ፥ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ እንዳይታወቅም ነው ሥርዓቱ የተሠራው። በዚህ ላይ ጉርሻው አለ። በዚህ ላይ «በሞቴ!»፥ «አፈር ስሆን!» አለ። ይህን የሰማ ሰው እጁን ቢሰበስብ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ባለቤቲቱንም እንደ ናቀ ይቈጠርበታል። የቤት እመቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለባት፤ ሁሉ ከበላ በኋላ ከልጆቹ የተረፈውን ፍትፍት «ከሚደፋ» ብላ የምታነሣው እርሷ ናት። ብዙ ሴቶች «እኔ እኮ ምንም አልበላም» ሲሉን ይዋሻሉ ብለን እንስቃለን፤ አይዋሹም፥ ገበታ ላይ ተቀምጠው አልበሉማ!

መሶቡን ተዉ ብዬ አልመክርም፤ ብመክርም የሚሰማኝ የለም፥ ባይሰሙኝም ደስ ይለኛል። ከበሽተኞቼ የተማርሁትን ግን ላካፍላችሁ። አንድ መሪጌታ፥ ክብደታቸውን ስድስት ዓመት የጠበቁ፥ ምስጢራቸውን ሲነግሩኝ «ቶሎ እታጠባለሁ» አሉኝ። እጁን የታጠበን ሰው ማንም አጥብቆ አያስገድደውም፤ ገበታውን እንደ ዘጋ ይቈጠርለታል። ስለዚህ እርሳቸው ከመጀመሪያው የራሳቸውን ግማሽ እንጀራ ቈርጠው ከፊታቸው ያኖራሉ፤ በቀስታ ይበላሉ፤ ከእንግዶቹ ጋራ እየተጫወቱ የመጀመሪያውን የእጅ ውሃ እርሳቸው ይጠይቃሉ። ሌላዋ፥ በአራዳ በርበሬ የሚሸጡ እናት፥ የልጆቹን ትራፊ ገና ትኩስ ሳለ በክዳን ዕቃ አድርገው ለማታ ያኖሩታል፤ «ከተከደነ አያስጐመጅም» ይላሉ። በማኅበር ቀን ደግሞ ለባለ ተራዋ አስቀድመው «ስኳር አለብኝ፥ በሰው ፊት አታስምዪኝ» ብለው ይልኩባታል። እነዚህ ጥቃቅን ብልሃቶች በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፉም፤ እኔ ግን ከመድኃኒት ካቢኔቴ ይልቅ እነርሱን አምናቸዋለሁ።

ዘይትንና ስኳርን በአጭሩ ላልፋቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ኑግ ቢሆን፥ ከውጭ የመጣው የረጋ ዘይት ቢሆን፥ በዚህ በኩል ልዩነት የለውም። ወጥ የምትሠራው እናት ዘይቱን ከጀሪካኑ በዓይኗ ለክታ ከማፍሰስ በማንኪያ ብትለካ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳያውቀው ይጠቀማል። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር በቀን አራት ጊዜ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ፥ ማለት ወደ 48 ግራም ስኳር ይወስዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም ስለ ሆነ፥ ሌላ ምንም ጣፋጭ ሳይቀምስ ጣሪያውን ነካ ማለት ነው። በገጠር ቡናን በጨው የሚጠጡት አያቶቻችን ከስኳሩ ድነው ነበር፤ ጨው ደግሞ የደም ብዛትን ያስከትላል፥ እርሱ የሌላ ቀን ንግግር ነው።

ስለ እግር ጕዞ ግን ከዚህ የበለጠ እላለሁ። ክብደት ለመቀነስ መሄድ ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፥ በሽተኞችም አይተው ተስፋ ይቈርጣሉ። የቀነሱትን ለመጠበቅ ግን ከእርሱ የሚተካከል ነገር አላየሁም። ከላይ እንዳልሁት የቀነሰ ሰው የኃይል ወጪ ያንሳል፤ ጕዞው ይህን ጉድለት ይሞላል። ጎንደርም ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፥ ዳገትና ቍልቍለት የሞላባት፥ አየሯ የማይከብድ። ቁስቋም ወጥቶ የሚያስቀድስ፥ በጥምቀት ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ የሚመለስ ሰው ሳያስበው ሁለት ሰዓት ይሄዳል፤ ድካሙንም አይቈጥረውም። እኔ ለበሽተኞቼ «ስፖርት ሥሩ» ማለት ትቻለሁ። «ስፖርት» የሚለው ቃል ለ60 ዓመት እናት ሱሪ ታጥቆ መሮጥ ይመስላቸዋል። ይልቁንስ «ከባጃጁ ከሁለት ፌርማታ በፊት ይውረዱ» እላለሁ፤ «ደብረ ብርሃን ሥላሴን በእግርዎ ይሳለሙ» እላለሁ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት በማለዳና በምሽት መውጣት የሚያስፈራበት ጊዜ እንደ ነበረ አልረሳሁም፤ በእነዚያ ሳምንታት ብዙዎቹ የጠበቁትን ኪሎ መልሰው እንዳገኙት በካርዶቻቸው አይቻለሁ። ያን ጊዜ ማንንም አልወቀስሁም፤ በግቢያችሁ ዙሩ ከማለት ሌላ ምክርም አልነበረኝ።

ስለ አዲሶቹ መርፌዎች እንድናገር የሚጠብቅ ካለ፥ እነሆ ባጭሩ። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት ክብደትን በእውነት ይቀንሳል። መርፌውን ያቆሙ ሰዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንዳገኙት በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ዋጋውን የሚችል በሽተኛ ካለን ይጠቀም፤ የመጠበቁን ጥያቄ ግን ለነገ አሳደረው እንጂ አልፈታለትም።

በተግባር ማኅበራችን እንዲወያይበት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው የቀጠሮ ጉዳይ ነው። በጾም ወራት ክብደቱን የቀነሰ የስኳርና የደም ብዛት በሽተኛ ሁሉ፥ ለሦስት ወር ከመሸኘት ይልቅ፥ በፋሲካ ማግሥት ባለው ሁለተኛ ሳምንት ይቀጠር፤ ከዚያም እስከ ጰራቅሊጦስ በየሁለት ሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ይመዘን። መድኃኒት አይጻፍለትም፤ ምርመራ አይታዘዝለትም፤ ሚዛን ላይ ወጥቶ ይወርዳል። በእንግሊዝ አገር ዳይሬክት በተባለው ጥናት፥ ክብደታቸውን በመቀነስ የስኳር በሽታቸው የለቀቃቸው ሰዎች በአንደኛው ዓመት ከመቶ 46 ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት 36 ሆኑ፤ ክትትል እየተደረገላቸው እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ ያለ ክትትል የምንሸኛቸው የእኛ ሰዎች ምን ይሁኑ? ሚዛኑም አንድ ዓይነት ይሁን። በአንዱ ክፍል ሁለት ኪሎ የሚጨምር፥ በሌላው አንድ ኪሎ የሚሰርቅ ሚዛን ይዘን ሰውን ማስጨነቅ ነውር ነው። በቤቱ ሚዛን የሌለው ሰው ደግሞ በቀበቶው ቀዳዳ፥ ሴትም በመቀነቷ ዙር መለካት ትችላለች፤ የልብስ ሰፊዬ ሜትር ሁላችንንም ያገለግላል።

ሁለተኛው ስለ አንደበታችን ነው። ኪሎው ተመልሶ የመጣበትን ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ምን በላህ?» መሆኑ ይቅር። እኔ አሁን «በዚህ ሰሞን ምን ገጠመህ?» ብዬ እጀምራለሁ። መልሱ ሠርግ ይሆናል፥ ለቅሶ ይሆናል፥ የታመመ ልጅ ይሆናል፥ ሥራ ማጣት ይሆናል፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሲመለስ የሚነገር ነገር አለ፤ ዘጠኝ ሲመለስ ግን ጊዜው አልፏል።

እነዚያ እናት ዛሬም ይመጣሉ። ዘንድሮ በፋሲካ ማግሥት በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን በሰዓታቸው ደረሱ። ለተቆረጠው ጣት ማስደገፊያ የተደረገበትን ጫማቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ጨምረዋል። ምን ገጥሟቸው እንደ ነበር ጠየቅኋቸው፤ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር፥ ሦስት ቀን እንግዳ ሲያስተናግዱ ሰነበቱ፥ ወደ ሥላሴ የሚያደርጉትንም ጕዞ ትተውት ነበር። ጕዞውን ከነገ ጀምረው እንዲቀጥሉ ተስማማን፤ ቍጥሩንም በካርዳቸው ላይ ጻፍሁት። «አሳየኝ እስቲ» አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ዐይናቸውን አጥብበው አነበቡትና «ይኼ እንኳ ይወርዳል» አሉ። የሚቀጥለውን ሐሙስ ቀጠርኋቸው፥ ጫማቸውንም ጐንበስ ብዬ አቀበልኋቸው።